ወደ ሐይቅ ዳር ወርዶ መሰንበት

እኛ የየካና የእንጦጦ ገበሬዎች ደገኞች ነን። ኑሯችን ከብርዱ፣ ከጉሙና ከባሕር ዛፉ ጋር ነው። መንገድ የምንወጣው ለልቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለንግሥ ወይም ለገበያ ነው። ዘመድ ቤት ሄዶ እንዲያው ማረፍ እንደ ስንፍና ይቆጠርብናል። ዛሬ ግን ከልጆቻችን ቆላ ወርደው የሚሠሩ አሉ። ዝዋይ፣ አሁን ባቱ በሚባለው ከተማ፣ በአበባ እርሻ ተቀጥረው የሚኖሩ አሉ። «እማዬ፣ አባዬ፣ መጥታችሁ ሰንብቱ» ብለው ይጠሩናል። ጥሪው መልካም ነው። ግን ሳይታቀድ አይኬድም።

ሞቃት የባሕር ዳርቻ ቢያምረንም ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ምጽዋና አሰብም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የሌላ አገር ወደቦች ሆነዋል። ሐይቁ ግን ቅርብ ነው። ዝዋይ ከአዲስ አበባ በሞጆና በመቂ በኩል 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

መቼ እንሂድ? እህሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ከገባ በኋላ ነው። ጥርና የካቲት ደኅና ወራት ናቸው። ክረምቱ ሲወጣ ያቆረው ውሃ የወባ ትንኝ ይፈለፍላል፤ ስለዚህ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባንወርድ ይሻላል። ላሟን ማን ያልባል? በጎቹንስ ማን ይጠብቃል? ይህ ከጎረቤት ጋር አስቀድሞ ይነገር።

ለሁለት ቀን ብሎ መሄድ ዋጋ የለውም። አንዱ ቀን በመንገድ፣ ሌላው በሰላምታ ያልቃል። ሁለት ሳምንት ይበቃል። ልጅቱ የምትኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ ክፍሏም ጠባብ ናት። አምስት ሆነን አንውረድባት፤ ባዶ እጃችንንም አንሂድ። በሶና ሽሮ መያዝ ነው።

እዚያ ስንደርስ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ እያሉ መሯሯጥ አያስፈልግም። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወጥቶ ጥላ ሥር መቀመጥ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ከታንኳ ሲወርዱ፣ ወፎቹ ለዓሣው ሆድ ዕቃ ሲሻሙ ማየት ደስ ይላል። በሐይቁ ውስጥ ደሴቶች አሉ፤ የዛይ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይኖርባቸዋል። ዓሣ የሚበላ ሰው ትኩሱን እዚያው ያገኛል። ሲመሽ ግን ጉማሬ ሣር ሊግጥ ስለሚወጣ ከዳርቻው መራቅ ነው።

ውሃው ሲያዩት ግቡብኝ ግቡብኝ ይላል። አንግባ! ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ይኖራል። ከእርሱ የሚወጣው የቢልሃርዝያ ተውሳክ ዓይን አያየውም፤ ቆዳ ቀዶ ሰውነት ውስጥ ይገባል። በሽታው መድኃኒት አለው፤ ሳይታወቅ ከቆየ ግን ጉበትን ይጎዳል። የሐይቁን ውሃ ሳያፈሉ መጠጣትም አይገባም።

ዋናው ነገር ወባ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦ ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አገር አብዛኛው የወባ አገር ነው። የደገኛ ሰውነት ደግሞ ወባን አልለመደም። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. ወባ ከወትሮው ከፍ ወዳለው አገር ወጥቶ ወደ 150 ሺህ ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። ስለዚህ ማታ ማታ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ውስጥ መተኛት ግድ ነው። ሞቀኝ ብሎ አጎበሩን መግለጥ የለም። ልጅቱ አጎበር ከሌላት ሳንሄድ ገዝተን እንያዝ። ከበሶው ይልቅ እርሱ ይቀድማል።

የደገኛው ችግር የሚመጣው ከተመለሰ በኋላ ነው። ትንኟ ከነከሰች በኋላ በሽታው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከ10 እስከ 15 ቀን ቆይቶ ነው። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ወራት ተደብቆም ይነሣል። ያኔ እኛ ቤታችን ነን። ሲያንቀጠቅጠን «ብርድ ነው፣ ምች ነው» ይባላል፤ ዳማከሴ ይታሻል። ቀኑ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ሊድን የሚችል ሰው ይሞታል። ደጋ ላይ ያለው የጤና ሠራተኛም ካልነገርነው ወባን ላያስብ ይችላል።

እንግዲህ ፊደል ቆጥረናል፤ እርሳስም ይዘናል። ከሐይቁ የተመለስንበትን ቀን በቁራጭ ወረቀት እንጻፍ። «ባቱ 14 ቀን ሰንብቼ የካቲት 3 ተመለስኩ» ቢል ይበቃል። ትኩሳት ወይም ራስ ምታት በተሰማን ዕለት ወረቀቱን ይዘን ጤና ጣቢያ እንሂድ። ለጤና ሠራተኛው እናሳየውና ደማችን ለወባ ይመርመር። መድኃኒት ከተሰጠንም ቢሻለንም ባይሻለንም እስከ መጨረሻው ፍሬ እንዋጠው። ወረቀቱ ከመታወቂያችን ጋር ለአንድ ዓመት ይቀመጥ።