የጅዳን የድሮ ቤት በዝንጅብል ብስኩት መሥራት

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የምትሠሪበት ቤት ልጆች «ከብስኩት ቤት እንሥራ» ብለው ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ሥዕሉን በስልክ አይተውታል፤ የሚያቦካውና የሚጋግረው ግን ያንቺ እጅ ነው። በዚህ ትምህርት ቤቱ ሳይፈርስ እንዲቆም፣ ማንም ሳይቃጠል እንዲያልቅ፣ የእረፍት ሰዓትሽም እንዳይበላ እንዴት እንደምትሠሪ እናያለን።

የትኛውን ቤት እንሥራ?

የዝንጅብል ብስኩት ቤት በጀርመን አገር የታወቀ የገና ልማድ ነው። ወንድማማቾቹ ግሪም በ1812 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ተረት፣ ጫካ ውስጥ የጠፉ ሁለት ልጆች ግድግዳው ዳቦ፣ ጣሪያው ኬክ፣ መስኮቱ ስኳር የሆነ ቤት ያገኛሉ። የምትሠሪበት ቤተሰብ የገናን ቤት ላይፈልግ ይችላል። የጅዳን የድሮ ቤት ብትሠሪ ግን ለልጆቹ የራሳቸው ከተማ ነው፤ ለዒድም ለእረፍት ጊዜም ይሆናል።

አል-በለድ በሚባለው የጅዳ አሮጌ ሰፈር ያሉት ቤቶች ከቀይ ባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ከግድግዳው ወጣ ያለው ባለ ፍርግርግ የእንጨት መስኮት ሮሻን ይባላል። ነፋስ ያስገባል፤ ውስጥ ያለው ሰውም ሳይታይ ውጭውን ያያል። ዩኔስኮ ሰፈሩን በ2014 እ.ኤ.አ. «ታሪካዊት ጅዳ፣ የመካ በር» በሚል ስም በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ በብስኩት ለመሥራትም ይቀላሉ።

ከመጀመርሽ በፊት

ማዳምን አስፈቅጂ። ልጆቹ የማይስማማቸው ነገር እንዳለ፣ በተለይ ለውዝ፣ እንቁላልና ወተት፣ ጠይቂ። ሥራው ለሁለት ቀን እንደሚከፈልም አስቀድመሽ ንገሪያት፦ አንድ ቀን መጋገር፣ በማግሥቱ ማቆም። እንዲህ ካልተነጋገራችሁ የልጆቹ ጨዋታ ላንቺ የሌሊት ሥራ ይሆናል።

የሚያስፈልገው

500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 125 ግራም ጨው የሌለው የሱቅ ቅቤ፣ 125 ግራም ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ የተምር ዲብስ፣ 1 እንቁላል፣ 2 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ዝንጅብል፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቅርንፉድ፣ ትንሽ ጨው። ሱቅ ስትሄጂ አትቸገሪም፤ በዓረብኛም ዘንጀቢል፣ ቂርፋ፣ ቁሩንፉል ነው የሚባሉት። ቤኪንግ ፓውደር አትጨምሪ፤ ብስኩቱ ከተነፋ ግድግዳው ይጣመማል።

አጋገር

1. ቅቤውን፣ ስኳሩንና ዲብሱን አሽተሽ እንቁላሉን ጨምሪ፤ ከዚያ ዱቄቱንና ቅመሙን። ሊጡ ከተበታተነ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይበቃዋል። ሸፍነሽ ፍሪጅ ውስጥ 1 ሰዓት አሳርፊው።

2. በወረቀት ልክ ቁረጪ፦ የፊትና የኋላ ግድግዳ 12 በ18 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለቱ ጎኖች 10 በ18፣ ጣሪያው 14 በ13። ለሮሻን 4 በ6 የሆኑ ትንንሽ ቁራጮች ጨምሪ።

3. ሊጡን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት እስኪኖረው ዳምጪው። በወረቀቱ ልክ ቆርጠሽ በሩን አሁኑኑ አውጪ። በሮሻኖቹ ላይ በቢላዋ ጀርባ ፍርግርግ መስመር ሥሪ።

4. በ175 ዲግሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ጋግሪ። ከምድጃ እንደወጣ፣ ሳይደርቅ፣ ጠርዙን በቢላዋ አስተካክይ። ቀጥ ያላለ ጠርዝ ቤት አያቆምም።

ጅዳና መካ

ሁለቱ ከተሞች 70 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም አየራቸው ይለያያል። ጅዳ ባሕር ዳር ስለሆነች አየሩ እርጥብ ነው። ስኳርና ዲብስ ያለበት ብስኩት ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ ትናንት የጠነከረው ግድግዳ ዛሬ ይለሰልሳል። ስለዚህ ጅዳ ያለሽ እህት፣ ብስኩቱን ከጋገርሽ በኋላ እሳቱን ወደ 100 ዲግሪ ቀንሰሽ ለ30 ደቂቃ አድርቂው። ሲበርድ በሚገጠም ዕቃ ክደኚው። ቤቱን ስታቆሚ ኤሲው የሚሠራበት ክፍል ምረጪ።

መካ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ብስኩቱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ማጣበቂያው ነው፤ ሳህኑ ውስጥ እንዳለ ይደርቃል። እርጥብ ጨርቅ አልብሽው።

ማጣበቅ

500 ግራም የዱቄት ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ሜሬንግ ፓውደር፣ ከ5 እስከ 6 የሾርባ ማንኪያ ውሃ አንድ ላይ ምቺ፤ ማንኪያው ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ደርሷል። ጥሬ እንቁላል ነጭ አትጠቀሚ፤ በተለይ ሕፃናትንና እርጉዞችን ሊያሳምም ይችላል። በቀለጠ ስኳር አጣብቂ የሚሉሽን አትስሚ፤ ከፈላ ውሃ እጅግ የበለጠ ይሞቃል፣ ቆዳ ላይም ይጣበቃል።

ጎኖቹን በፊትና በኋላ ግድግዳ መካከል አስገብተሽ አጣብቂ፤ በብርጭቆ ደግፈሽ ቢያንስ 2 ሰዓት ተዪው። ጣሪያው የሚጫነው ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ብቻ ነው። ቤቱ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው እዚህ ላይ በመቸኮል ነው። ከዚያ ሮሻኖቹን ለጥፊ፣ ግድግዳውን በነጭ ክሬም ቀቢ። ማስጌጡን ለልጆቹ ተዪላቸው፤ ምድጃውንና ቢላዋውን ግን አንቺ ብቻ ያዢ።

ሰው ቢቃጠል ቁስሉን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ የቧንቧ ውሃ አቀዝቅዢ። ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቢ። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ በጅዳም በመካም 911 ይደወላል።

ስለ ፎቶ

የቤቱን ልጆች ወይም የቤቱን ውስጥ ቀርጸሽ ቲክቶክ ላይ አትልቀቂ፤ በሕግ ሊያስጠይቅሽ ይችላል። ፎቶ ከፈለግሽ አስፈቅደሽ ብስኩቱን ብቻ አንሺ።

ሙያውን ያዢ

ልኩን፣ ዲግሪውንና ደቂቃውን በደብተርሽ ጻፊ። ደመወዝሽን ለቤተሰብ ትልኪያለሽ፤ ሙያው ግን አንቺው ጋር ይቀራል። አገርሽ ስትገቢ ኬክ ቤት ለመቀጠርም ሆነ በቤትሽ ጋግረሽ ለመሸጥ፣ በግራምና በዲግሪ መሥራት የሚችል እጅ ይፈለጋል።

ለመከለስ

1. ቤኪንግ ፓውደር የማይጨመረው ለምንድን ነው?
2. አንቺ ባለሽበት ከተማ ይበልጥ የሚያስቸግረው ብስኩቱ ነው ወይስ ማጣበቂያው?
3. ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት ከማዳም ጋር ምን ምን ትነጋገሪያለሽ?