በብር ማንኪያ ጀርባ ላይ ስለሚገኙት ምልክቶች

ባለፈው ክረምት በአንድ የመኝታ ክፍል የምንኖር አራት ተማሪዎች ያልጠበቅነው ጥናት ገጠመን። ከመካከላችን አንዱ ከአያቱ የተወረሱ 12 ማንኪያዎችና ሹካዎች በሣጥን ይዞ ከቤቱ መጣ። አያቱ በወጣትነታቸው በአንድ የውጭ አገር ሰው ቤት ወጥ ሠሪ ሆነው ሲያገለግሉ፥ ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጣቸው ዕቃ ነው። የጓደኛችን እናት ዕቃውን ሸጠው የታናሽ እኅቱን የትምህርት ወጪ ለመሸፈን አስበዋል። አንድ ብር ሠሪም በእጁ አንሥቶ ከመዘነው በኋላ፥ «እንደ ብር በሚዛን እገዛዎታለሁ፤ አቅልጬ መስቀልና ጉትቻ እሠራበታለሁ» ብሏቸዋል። እሳቸው ግን ልጃቸውን፥ «ተምራችኋል አይደል? ከመሸጡ በፊት ከጓደኞችህ ጋር ምንነቱን እዩልኝ» ብለው ላኩት።

እኛ የምንማረው ታሪክና ሥነ ጽሑፍ እንጂ ማዕድን አይደለም። ይሁን እንጂ ማንኪያዎቹን ገልብጠን ስናይ በጀርባቸው የተቀረጹ ደቃቅ ምልክቶች አገኘን፤ ምልክት ደግሞ የሚነበብ ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ንባቡ እንዴት እንደሚካሄድ ለአንባብያን ባጭሩ እንገልጻለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ ምልክቱ ስለ ምን አስፈለገ? ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ ለዕቃ እንዲመች መዳብ ይቀላቀልበታል። ምን ያህል መዳብ እንደ ገባበት ግን ገዢው በዓይኑ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1300 ባወጣው ሕግ፥ የብር ዕቃ ሁሉ ተመርምሮ የነብር ራስ ምልክት እንዲመታበት ታዘዘ። መለኪያውም «ስተርሊንግ» የሚባለው፥ ከ1000 እጅ 925ቱ ብር የሆነበት ነው። በ1363 እያንዳንዱ አንጥረኛ የራሱ ምልክት እንዲኖረው ተደነገገ። በ1478 ዕቃው በሎንዶን የአንጥረኞች ማኅበር አዳራሽ እየተመረመረ የዓመቱን ፊደል እንዲቀበል ተደረገ፤ «ሆልማርክ» የሚለው ስም የወጣው ከዚሁ አዳራሽ ነው። በ1544 ደግሞ የሚራመድ አንበሳ ተጨመረ።

እንግዲህ እነዚህ አራቱ ለአራት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣሉ ማለት ነው። አንበሳው «ብሩ ምን ያህል ጥሩ ነው?» ለሚለው፤ የከተማው ምልክት «የት ተመረመረ?» ለሚለው፤ ፊደሉ «መቼ?» ለሚለው፤ የሠሪው ምልክት «ማን ሠራው?» ለሚለው። የከተማው ምልክት ለሎንዶን የነብር ራስ፥ ለኤዲንበርግ ግንብ፥ ለደብሊን ዘውድ የጫነ በገና ነው። በ1773 መመርመሪያ ቤት የተፈቀደላቸው በርሚንግሃምና ሼፊልድ፥ የመጀመሪያው መልሕቅ ሁለተኛው ዘውድ ወሰዱ፤ ሼፊልድ ከ1975 ጀምሮ ዘውዱን በጽጌረዳ ለውጧል። ከ1784 እስከ 1890 ድረስ አምስተኛ ምልክት፥ ማለት የንጉሡ ወይም የንግሥቲቱ ራስ፥ ቀረጥ ለመከፈሉ ማስረጃ ሆኖ ይመታ ነበር።

ይህን ካወቅን በኋላ ወደ ሣጥኑ ተመለስን። 11ዱ ዕቃዎች አንድ ዓይነት ናቸው። በጀርባቸው አራት ትናንሽ ጋሻዎች ተደርድረው፥ በየጋሻው ውስጥ በጥንታዊ አጻጻፍ አንዳንድ ፊደል አለ። መጀመሪያ የሎንዶን ምልክት መስሎን ተደስተን ነበር። በአጉሊ መነጽር ስናነበው ግን አንበሳ የለም፤ ነብር የለም፤ ፊደሎቹ «ኢ፥ ፒ፥ ኤን፥ ኤስ» ናቸው። ይህም በኤሌክትሪክ ኃይል ብር የተለበጠ ኒኬል ሲልቨር ማለት ነው። ኒኬል ሲልቨር የመዳብ፥ የዚንክና የኒኬል ድብልቅ ነው፤ በስሙ ብር ይባላል እንጂ ቅንጣት ብር የለበትም። ይህን የመለበጥ ዘዴ ኤልኪንግተን የተባሉ የበርሚንግሃም ሰዎች በ1840 የባለቤትነት መብት አውጥተውበት ወደ ንግድ አስገቡት። ብዙ ለባጮችም የፋብሪካቸውን ፊደሎች ሆን ብለው እንደ ሆልማርክ በጋሻ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። የማንኪያዎቹ ጀርባ ብዙ ጊዜ ከጠረጴዛ ጋር የተፋተገበት ቦታ ላይ ልባሱ አልቆ ቢጫ ቀመስ ብረት ታየን። በቅኔ ቋንቋ ብንናገር፥ ሰሙ ብር፥ ወርቁ መዳብ ሆኖ ተገኘ።

12ኛው ማንኪያ ግን ሌላ ነው። በእጀታው ጫፍ አጠገብ አምስት ምልክቶች አሉት፦ የሚራመድ አንበሳ፥ ዘውድ የሌለው የነብር ራስ፥ ትንሹ የላቲን ፊደል «ኤም»፥ የንጉሥ ራስ፥ በመጨረሻም «ደብልዩ ሲ»። ንባቡን ደረጃ በደረጃ አካሄድነው። አንበሳው ስተርሊንግ መሆኑን፥ ነብሩ ሎንዶን መሆኑን ይናገራል። የንጉሡ ራስ ዕቃው ከ1784 እስከ 1890 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ተሠራ ያስረዳል። በዚያ ዘመን የሎንዶን የዓመት ፊደሎች ከ«ኤ» እስከ «ዩ»፥ «ጄ»ን ሳይጨምሩ 20 ነበሩ፤ በየ20 ዓመቱ የፊደሉ መልክ እየተለወጠ እንደገና ይጀመር ነበር። በተባለው ጊዜ ውስጥ ተራው ትንሹ «ኤም» ሁለት ጊዜ ውሏል፦ በ1787ና በ1827። ታዲያ የትኛው ነው? መልሱ ያለው በነብሩ ራስ ላይ ነው። የሎንዶኑ ነብር እስከ 1821 ዘውድ ይጭን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዘውዱ ቀርቷል። የእኛው ነብር ዘውድ የለውም፤ ስለዚህ ዓመቱ 1827 ነው። በዚያን ጊዜ ፊደሉ የሚለወጠው በግንቦት ወር ላይ ስለ ነበር፥ ማንኪያው ከ1827 ግንቦት እስከ 1828 ግንቦት ባለው ጊዜ ተመርምሯል።

የቀረው የሠሪው ስም ነው፤ አስቸጋሪውም እርሱ ነው። ሁለት ፊደሎች የብዙ ሰዎች ስም መነሻ ሊሆኑ ይችላሉና። በዚያ ዘመን በሎንዶን ዊልያም ቾነር የተባለ የታወቀ ማንኪያ ሠሪ ነበር፤ ከሁለት ሰዎች ጋር በሽርክና ሲሠራ ቆይቶ በ1815 የራሱን ምልክት አስመዘገበ። በ1834 ሚስቱ ሜሪ ቾነር ባሏ ሲሞትባት በስሟ ምልክት አስመዝግባ ሥራውን ቀጠለች። ዘመኑም ሙያውም ይስማማል፤ ስለዚህ የቾነር ሥራ ሳይሆን አይቀርም አልን። «ነው» ብሎ ለመቁረጥ ግን የፊደሎቹን ቅርጽና የጋሻውን ጠርዝ በመዝገብ ከተቀመጠው ምልክት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ሌሎችም የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። በድሮው አጻጻፍ «አይ» የሚለው ፊደል ስለ «ጄ»ም ይቆማል። በ1760 ባሏ የሞተባት ሄስተር ቤትማን በ1761 ምልክቷን አስመዝግባ እስከ 1790 ከሠራች በኋላ፥ ልጆቿ ፒተርና ጆናታን ሲተኳት ምልክታቸው «ፒ ቢ» ከላይ፥ «አይ ቢ» ከታች ሆነ። ይህን የማያውቅ ሰው ጆናታንን ፈልጎ አያገኘውም። እንደዚሁም የጥንት ሹካ ከማንኪያ ይልቅ ብርቅ ስለሆነ፥ አታላዮች ማንኪያውን ቀጥቅጠው ጥርስ አውጥተው ሹካ ያደርጉታል፤ ምልክቱ እውነተኛ ነው፤ ዕቃው ግን ሐሰት ነው። ስለዚህ ምልክቱና የዕቃው ቅርጽ እርስ በርሳቸው መመስከር አለባቸው።

በአገራችን የሚታወቀው ጠገራ ብርም ይህን ያስተምራል። በላዩ 1780 የሚል ዓመት አለ፤ ነገር ግን ማርያ ትሬዛ በዚያው ዓመት ከሞቱ በኋላ ይኸው ዓመት ሳይለወጥ በቪየና፥ በሮማ፥ በሎንዶንና በሌሎችም ከተሞች ሲመታ ኖሯል። ጥራቱም ከ1000 እጅ 833 ነው። አንጥረኞቻችን ይህን ብር አቅልጠው ስንት መስቀልና ጌጥ ሠርተዋል። እንግዲህ የተጻፈ ቀን ሁሉ የተሠራበት ቀን አለመሆኑን ልብ ይሏል።

ጥናቱ አለቀ፤ ጭቅጭቁ ግን ያን ጊዜ ተጀመረ። ከእኛ አንዱ፥ «ብር ሠሪው ራሱ አይቶ እገዛለሁ ካለ እኛ ምን አገባን? ዝም ብለን ይሸጥ፤ ልጅቷም ትማርበት» አለ። ሌላው ደግሞ፥ «ይህ ምልክት ከ700 ዓመት በፊት የተፈጠረው ገዢ እንዳይታለል ነው፤ እኛ አንብበነው ብንደብቀው ማንበባችን ምን ጠቀመ?» ሲል መለሰ። እስከ ሌሊት ተከራክረን አልተስማማንም። በመጨረሻ ያነበብነውን ሁሉ ሳናስቀር ለባለቤቲቱ ለመንገር ቆረጥን።

እሳቸውም ሰምተው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ሣጥኑን ተሸክመው ወደ ብር ሠሪው ሄዱና፥ «ልጆቼ መዳብ ነው ብለውኛል፤ አንተም ፈትነው» አሉት። ሰውዬው አንዱን ፋቅ አድርጎ አየና ሣጥኑን መለሰላቸው። 11ዱ ዛሬ በቤታቸው ወጥ ይበላባቸዋል። የ1827ቱ ማንኪያ ሳይቀልጥ ተቀምጧል፤ አንድ ትንሽ ማንኪያ ስለሆነ በሚዛን ቢሸጥ የሚያወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው። የልጅቷም የትምህርት ወጪ ገና አልተገኘም፤ ጓደኛችን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ማስጠናት ጀምሯል።

ስለሆነም አንባብያን ሆይ፥ በየቤታችሁ የቆየ ማንኪያ ካለ ወደ እሳት ከመግባቱ በፊት ጀርባውን እዩት። የቀለጠ ብር ሚዛን እንጂ ታሪክ የለውም። ምልክቱን ስታነቡም የምትወዱትን መልስ ሳይሆን የተጻፈውን አንብቡ።