ከዓይን ጥቅሻ የፈጠነ ጊዜ በምን ይለካል?

ጥያቄ፦ ሁለት ፈሳሾች በተገናኙበት ቅጽበት ተዋሕደው የሚያበቁ ከሆነ፣ ሊቃውንት የውሕደቱን ፍጥነት በምን ሰዓት ይለኩታል?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂ ሆይ፣ የሰው እጅ ሰዓት አስነሥቶ እስኪያቆም ድረስ እንዲህ ያለው ውሕደት አስቀድሞ ስለሚፈጸም፣ የካምብሪጅ ሊቃውንት ሃርትሪጅና ራፍተን በ1923 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ለደም ቅላቱን የሚሰጠው ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ጋር የሚዋሐድበትን ፍጥነት ለመመርመር በተነሡ ጊዜ፣ ጊዜን በሰዓት መለካት ትተው በርቀት መስፈርን መረጡ። ሁለቱን ፈሳሾች በኃይል ገፍተው በአንዲት ጠባብ ክፍል ካደባለቁ በኋላ፣ ድብልቁ በቀጭን የመስተዋት ቧንቧ ውስጥ እንዲሮጥ አደረጉ፤ ፈሳሹ በሰከንድ 10 ሜትር የሚጓዝ ቢሆን፣ ከመደባለቂያው 1 ሳንቲ ሜትር የራቀው ስፍራ ከተደባለቀ 1 ሺኛ ሰከንድ የሆነውን፣ 5 ሳንቲ ሜትር የራቀውም 5 ሺኛ ሰከንድ የሆነውን ፈሳሽ ዘወትር ያሳያልና፣ ተመልካቹ በየስፍራው የቀለሙን ለውጥ፣ የብርሃንን ቀለማት በሚለየው መሣሪያ በስፔክትሮስኮፕ፣ ያለ ችኮላ ይመረምራል።

የዘዴው ጉድለት ብዙ ፈሳሽ መፍጀቱ ነበረ፤ ስለዚህም ኋላ ፍሰቱን በድንገት አቁሞ የሚለካ መሣሪያ ተሠራ። ከዚህም ይልቅ ለፈጠነ ውሕደት መለኪያ ያገኙት ሊቃውንት ኤይገን፣ ኖሪሽና ፖርተር በ1967 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።