ለቤዝና ለጊታር ቀረጻ ፕሪአምፕና ኮምፕሬሰር ስንመርጥ

አምበር ላይ በአንድ ክፍል ቤት የጓደኞቻችንን ባንድ ስንቀዳ ቤዙን በሚክሰሩ የማይክ መግቢያ ሰካነው። ድምፁ ደካማና ደብዛዛ ሆኖ ቀረ፤ በጊታሩ አሳበብን። ልጆቹ ደግሞ ለቤት ኪራይ ከፍለው ነበር።

ጥፋቱ የእኛው ነው። የማይክ ፕሪአምፕ የመግቢያ ኢምፒዳንስ ብዙውን ጊዜ ከ1,500 እስከ 3,000 ኦም ሲሆን፣ ባትሪ የሌለው ቤዝ ወይም ጊታር ግን 1 ሜጋ ኦም ያህል ይፈልጋል። ካላገኘ ሲግናሉ ይወርዳል፣ ቀጭኑ ድምፅም ይሞታል። ፒክአፕ የተለጠፈበት ክራር ላይማ ይብሳል። ስለዚህ ፕሪአምፑ የመሣሪያ መግቢያ እንዳለው አስቀድማችሁ እዩ፤ ከሌለው ዲአይ ቦክስ ይጨመር።

ኮምፕሬሰር ይበልጥ የሚያስፈልገው ቤዝ ነው፤ አንዱ ኖታ ይጮሃል፣ ሌላው ይሰወራል። ሬሾው 4 ለ1 ከሆነ ትሬሾልዱን በ12 ዴሲቤል ያለፈ ድምፅ በ3 ብቻ አልፎ ይወጣል። አታኩን በጣም ካፈጠናችሁት የጣቱ ምት ይጠፋል። ሪሊዙም እንደዚያው፤ የቤዝ ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ አንዱ ሞገድ 24 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ ከዚያ ያጠረ ሪሊዝ ድምፁን ያሻክረዋል።

በዲስቶርሽን የሚጫወት ጊታር ግን ቀድሞውኑ የተጨመቀ ስለሆነ ኮምፕሬሰሩን ተዉት። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ፕሪአምፑን ግዙ፤ መጭመቁን በኋላ ኮምፒውተር ላይ መሥራት ይቻላል።