ስለ ልጆች ክብደትና በአሶሳ አገር ስለሚበቅለው ለውዝ

የልጅ ደኅና ክብደት ማለት ወፍራምነት ማለት አይደለም። ዕድሜውና ቁመቱ በሚጠይቁት ልክ ሳይቋረጥ የሚጨምር ክብደት ማለት ነው። በጤና የተወለደ ልጅ በአምስተኛው ወር ገደማ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ዓመት ሲሞላው ደግሞ ሦስት እጥፍ ያህል ይደርሳል። ከዚያ በኋላ እድገቱ ቀስ ይላል፤ ነገር ግን እስከ ጕርምስናው ድረስ በየዓመቱ መጨመሩን አይተውም። ስለዚህ ክብደቱ ለብዙ ወራት ባለበት የቆመ ልጅ፥ ቢጫወትም ቢስቅም፥ አንድ ነገር እንደ ጐደለበት ማወቅ ይገባል።

ይህ ጕድለት በኢትዮጵያ ጥቂት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ በሙሉ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ 100 ልጆች 38ቱ ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ተገኙ፤ 24ቱም ክብደታቸው ለዕድሜያቸው የማይበቃ ነበር። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ለዕድሜያቸው ያጠሩት ከ100 ልጆች 43 ነበሩ። ቁመት የሚቀረው ደግሞ በአንድ ቀን ረሀብ አይደለም፤ ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ዓመት ድረስ የደረሰበት ጕድለት ሲጠራቀም ነው።

የአሶሳ ምድር ግን እህል የነሣ ምድር አይደለም። ማሽላና በቆሎ፥ ዳጉሳም ይበቅልበታል፤ በሌላ ስሙ ኦቾሎኒ የሚባለው ለውዝ፥ ሰሊጥና አኩሪ አተርም ይመረትበታል፤ ማንጎውም ስሙ የታወቀ ነው። በገነተ ማርያም የሚያስተምር ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያሻውም፤ በገበያ ቀን መንገድ ዳር መቆም ይበቃዋል።

እንግዲህ ጕድለቱ ከየት ይመጣል? አንደኛው ምክንያት በሽታ ነው፤ ወባና ተቅማጥ ልጅ የበላውን ይቀሙታል። ሌላውና በቤተ ሰቡ እጅ ያለው ምክንያት ግን የእህሉ አከፋፈል ነው። ማሽላውና በቆሎው ለቤት ቀለብ ይቀመጣል፤ ለውዙና ሰሊጡ ገንዘብ የሚያወጣ ስለ ሆነ በጆንያ ታስሮ ወደ ገበያ ይወጣል። አባወራውን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ ለግብርና ለልብስ፥ ለደብተርና ለመድኃኒት የሚሆነው ገንዘብ የሚገኘው ከዚያ ነውና። ቢሆንም ከጆንያው ጥቂት ጣሳ ለልጆቹ ተለይቶ ካልቀረ፥ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ በማሽላ ብቻ ሕፃን ሊያሳድግ ይሞክራል።

የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው። ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃ እንኳ አያሻውም። ከስድስት ወር በኋላ የሚጀመርለት ሙቅ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው፤ ልጁ ሆዱ እስኪነፋ ድረስ ይጠጣል፥ የጠጣው ግን የሚበዛው ውሃ ነው። እናቲቱም ልጄ ጠገበ ብላ ትተኛለች። በዚህ ላይ ለውዝ ያለው ጥቅም እጅግ ትልቅ ነው። የለውዝ ፍሬ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ቅባት፥ ሩቡ ያህሉ ሰውነት ገንቢ ምግብ ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ሲሰጥ የእህል ዱቄት የሚሰጠው 4 ያህል ነው። ስለዚህ በገንፎው ላይ አንድ ሁለት ማንኪያ ተቈልቶ የተፈጨ ለውዝ ወይም ሰሊጥ ቢጨመርበት፥ ትንሹ ሆድ ሳይጨነቅ ልጁ የሚያገኘው ኀይል ይበዛል። ገንፎው ወፍሮ አልዋጥ ካለው ውሃ ከመጨመር ይልቅ ጥቂት የገብስ ወይም የዳጉሳ ብቅል ዱቄት ጨምሮ ዳግመኛ ማፍላት ይሻላል፤ ብቅል ወፍራሙን ገንፎ ያቀጥነዋል፥ ከምግቡ ግን አያጐድልም። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ሁሉ ብቅል ማዘጋጀት ስለሚያውቅ ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ አዲሱ ነገር ጥበቡ ለሕፃኑ ገንፎ መዋሉ ነው። ማንጎውም ሲበስል ለሕፃኑ ተፈጭቶ ቢሰጠው ከዳፍንት ይጠብቀዋል።

በለውዝ ነገር ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛው፥ ሳይፈጭ የቀረ ፍሬ ትንሽ ልጅን ያንቀዋልና አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ፍሬውን እንዳለ መስጠት አይገባም። ሁለተኛው ሻጋታ ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ የተመገቡ ከመቶ ሺህ የማያንሱ የቱርክ ዶሮዎች አለቁ፤ ሊቃውንትም መርዙን መርምረው አፍላቶክሲን አሉት። ይህ መርዝ ጉበትን የሚጐዳ ሲሆን በማብሰል ደኅና አድርጎ አይጠፋም። ስለዚህ ለውዙ ከተነቀለ በኋላ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ መሬት ላይ አይከመር፤ የሻገተውና የተጨማደደው ፍሬ ተለቅሞ ይጣል። ጥሩውን ለገበያ ሰጥቶ ለቅሞሹን ለቤት ማስቀረት በብዙ ቦታ የተለመደ ነገር ነው፤ በለውዝ ግን እጅግ አደገኛ ልማድ ነው።

የለውዝ ኀይል በታመሙ ልጆችም ላይ ተፈትኗል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. አንድሬ ብሪያንድ የተባሉ የፈረንሳይ ሐኪምና ባልደረባቸው ሚሸል ሌስካን የተፈጨ ለውዝ፥ የወተት ዱቄት፥ ስኳር፥ ዘይት፥ ቫይታሚንና ማዕድን ለውሰው ፕላምፒ ነት የተባለውን ምግብ ሠሩ። በ2000 በዚያው አቈጣጠር፥ በኢትዮጵያ ረሀብ በገባ ጊዜ፥ በሐድያ በበደዋቾ ወረዳ እጅግ የከሱ 170 ልጆች ሐኪም ቤት ሳይተኙ በቤታቸው እየተመገቡ ታከሙ፤ 144ቱ ዳኑ፥ የሞቱት 7 ነበሩ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የሚታከመው ከነእናቱ ለብዙ ቀን ተኝቶ ነበር። ይሁን እንጂ በቤት የተፈጨ ለውዝ ወተቱና ማዕድኑ ስለሌለበት የመድኃኒቱን ምትክ አይሆንም። በጽኑ የከሳ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ የቤቱ ለውዝ ልጁ እዚያ እንዳይደርስ የሚከለክል ምግብ ነው።

ጽኑ ክሳት በክንድ መለኪያ ይታወቃል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለው ልጅ የላይኛው ክንድ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ አደጋው ጽኑ ነው፤ ከ12.5 በታችም ከሆነ ቸል አይባልም። ሚዛን ብቻውን የሚያታልልበት ጊዜም አለ። ክዋሺዮርኮር የተባለው በሽታ ሰውነትን በውሃ ስለሚያሳብጥ ልጁ የከበደና የወፈረ ይመስላል። ስሙን በ1935 በፈረንጅ አቈጣጠር በመጽሔት ያሳወቁት ሲስሊ ዊልያምስ የተባሉት ሐኪም ናቸው፤ ቃሉ በዛሬይቱ ጋና ከሚነገረው ከጋ ቋንቋ የመጣ ሆኖ፥ ተከታዩ ሲወለድ ከጡት የተነሣው ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ሁለቱን እግሮች በአውራ ጣት ጥቂት ሲጫኗቸው ጐድጓዳ ምልክት ከቀረ፥ ልጁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

በአንዳንድ ቤት እናት ዕቃው እንዳይነካካ ፈርታ በጾም ወራት ለሕፃኑ እንቍላልና ወተት ታስቀርበታለች። የጾም ሥርዓት ለጨቅላ የተሠራ አለመሆኑን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ሽማግሌ ያውቃል። ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻ ብትቀመጥለት ነገሩ ይቃለላል፤ ይህንንም ከአስተማሪው ይልቅ ሽማግሌው ቢናገረው ይሰማል።

ለትምህርት የደረሰው ልጅ ችግሩ ሌላ ነው። ቁርስ ሳይቀምስ ሩቅ መንገድ ይመጣል፤ የሆድ ትልም የበላውን ይጋራዋል። በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በትምህርት ቤቶች የትል መድኃኒት መስጠት ተጀምሯል፤ መድኃኒቱ በሚሰጥበት ቀን አንድም ልጅ እንዳይቀር መቍጠር የአስተማሪው ፈንታ ነው። የልጅ ክብደት ከመጠን ያለፈበት ጭንቀትም ከሩቅ እየመጣ ነው፤ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2025 የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት፥ በዓለም ከ5 እስከ 19 ዓመት ባሉት ልጆች ዘንድ ከመጠን በላይ የወፈሩት ከከሱት መብለጣቸውን አስታውቋል። በገጠር ይህ ገና ብርቅ ነው፤ ነገር ግን ለውዙን ሸጦ በዋጋው ለልጅ ለስላሳ መጠጥና ብስኩት የሚገዛ ወላጅ በሁለቱም በኩል ይጐዳል።

አስተማሪው ሚዛን ቢያገኝ በመስከረምና በየካቲት፥ ልጆቹን ጫማና ጋቢ አስወልቆ፥ ቢመዝናቸውና ቁመታቸውን በግድግዳ ላይ በተሰመረ መስመር ቢለካ መልካም ነው። ቍጥሩ በመዝገብ ይጻፍ እንጂ በክፍል ፊት አይነበብ፤ ከሲታ ወይም ዝርጥ የተባለ ልጅ በማግሥቱ ከሚዛኑ ይሸሻልና። በሁለቱ ጊዜያት ክብደቱ ያልጨመረው ልጅ ሲገኝ፥ ወላጁን ለብቻ ጠርቶ አስቀድሞ የሚጠይቀው ልጁ በዚያ ቀን ጧት ምን በልቶ እንደ መጣ ነው።