ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተርን በመጠነኛ ወጪ ስለ ማደስ
ለመኪና ባለቤቶችና ለመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

መኪና ለነጋዴ ጌጥ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። ከመርሳና ከሀብሩ ገጠር ማንጎና ብርቱካን ጭኖ ወደ ወልድያ የሚወጣ ሰው፥ ሞተሩ መንገድ ላይ ቢቆምበት የሚከስረው የጥገናውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ፍሬው በፀሐይ ይበላሻል፥ የገበያው ሰዓት ያልፋል፥ ደንበኛውም ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ስለዚህ ያረጀ ሞተርን በልክ በሆነ ገንዘብ ማጠንከርን ማወቅ የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የነጋዴም ትምህርት ነው።

ጉዳዩ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ይበልጥ ከብዷል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ታወቀ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ ከባሕር ማዶ የሚመጣው መለዋወጫ ዕቃ በብር ሲታሰብ ተወደደ። እንግዲህ አሮጌ ኮሮላ ወይም ሃይሉክስ ያለው ሰው በእጁ ያለውን ማደስ እንጂ በሌላ መለወጥ በቀላሉ አይሆንለትም።

በአሜሪካ አውቶክሮስ የሚባል የስፖርት ዓይነት አለ። ሰዎች በሥራ ቀን የሚገለገሉበትን መኪና በዕረፍት ቀን ወደ ሰፊ የአስፋልት ሜዳ ያመጡና፥ በተደረደሩ ሾጣጣ ምልክቶች መካከል እየተጠማዘዙ በሰዓት ይወዳደራሉ። በዚህ ጨዋታ የሚቀድመው ሁልጊዜ ጉልበተኛው ሞተር አይደለም፤ ከኩርባው ሲወጣ ፈጥኖ የሚታዘዝ፥ ጎማውና ፍሬኑም የታመነ መኪና ነው። ያም ሆኖ በማግሥቱ ባለቤቱን ወደ ሥራው ማድረስ ይጠበቅበታል። የወልድያና የአካባቢዋ አቀበትና ጠመዝማዛ መንገድም ከመኪና የሚሻው ይህንኑ ነው።

1ኛ፤ ከፍታና አየር

ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር አየርን የሚያስገባው በገዛ ስበቱ ብቻ ነው። አየሩ ከሳሳ የሚቃጠለው ነዳጅ ያንሳል፤ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከባሕር ወለል ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋው በወልድያ ከፍታ፥ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። በባሕር ወለል 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በወልድያ 80 ያህል ይቀረዋል ማለት ነው። ከድልብ አቀበት ወጥቶ ወደ 3,000 ሜትር ሲጠጋ ደግሞ ሩቡን ያህል ያጣል።

ይህን የማያውቅ ሰው ሞተሩ ታመመ ብሎ ያስፈታዋል፤ ወይም ተርቦ ካልገጠምሁ ይላል። ለተርቦ ያልተሠራ አሮጌ ሞተር ግን የሚጨመርበትን ግፊትና ሙቀት ፒስተኑም ቴስታታውም አይችሉለትም። የሚሻለው ሞተሩ መጀመሪያ የነበረውን ጉልበት መመለስና በአግባቡ መጠቀም ነው።

2ኛ፤ ከመፍታት በፊት መለካት

ሞተር ሳይለካ አይፈታም። የመጀመሪያው ሥራ የየሲሊንደሩን የእመቃ ግፊት በመለኪያ ማየት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያስጠፋ ስሕተት አለ፤ ይኸውም የተገኘውን ቁጥር በመጽሐፍ ከተጻፈው ጋራ በቀጥታ ማወዳደር ነው። በባሕር ወለል 12 የሚያነብ ጤናማ ሞተር በወልድያ 10 እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ያነሰው አየሩ ነውና። ስለዚህ ይበልጥ የሚመረመረው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አራቱም ተቀራራቢ ከሆኑ ሞተሩን ለመፍታት መቸኮል አይገባም። አንዱ ከሌሎቹ እጅግ ካነሰ ግን ጥቂት ዘይት በዚያ ሲሊንደር ውስጥ ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ያረጀው የፒስተን ቀለበት ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ካልተለወጠ ችግሩ ከቫልቩ ወይም ከቴስታታው ጓርኒሲዮን ይፈለጋል።

3ኛ፤ የወጪው ቅደም ተከተል

ገንዘብ መጀመሪያ የሚውለው በማቀዝቀዣው ላይ ነው። በወልድያ ከፍታ ውኃ በክፍት ዕቃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በራዲያተሩ ውስጥ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዝ ነው። ዋጋው ትንሽ የሆነው ክዳን ሲላላ ውኃው በአቀበት ላይ ይፈላል፤ ቴስታታው ይጣመማል፤ ትልቁ ወጪም ከዚህ ይመጣል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ለቴስታታው የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና፥ ጓርኒሲዮን ከመለወጥ በፊት ቴስታታው በቀጥ ያለ ብረት ይፈተሽ፤ ከጠመመ ቶርኖ ቤት ተልኮ ይስተካከል።

ቀጥሎ የአየር ማጣሪያው ነው። አቧራ የበዛበት መንገድ የዘጋው ማጣሪያ፥ የሳሳውን አየር ጭራሹን ይከለክላል፤ የተቀደደው ደግሞ አቧራውን አሳልፎ ሲሊንደሩን ይበላል። ከዚያ የቫልቮቹ ክፍተትና መቀመጫቸው ይስተካከላል። ካርቡራተር ላለው መኪና የነዳጁ መጠን ለከፍታው እንዲስማማ ይቀነሳል። በናፍጣ ሞተር ጥቁር ጭስ ሲታይ፥ ከአየሩ ይልቅ ናፍጣው መብዛቱን ያመለክታል። ጉልበት ለማግኘት ብሎ የፖምፓውን ብሎን ከፍቶ ናፍጣ መጨመር ገንዘብንም ፒስተንንም ማቃጠል ነው። የቤንዚን ሞተር በከፍታ ላይ እሳቱ ጥቂት ቀደም እንዲል ሊደረግ ይችላል፤ ነገር ግን መኪናው ወደ ቆላ የሚወርድ ከሆነ ልኩ ለቆላው መሆን አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ ያንኳኳል።

ፒስተንና ቀለበት መለወጥ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፥ ልኬቱ ግድ ሲል ብቻ ነው።

4ኛ፤ ዕቃ ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ

የሚገዛው ዕቃ በመኪናው ስም ሳይሆን በሞተሩ መለያ መጠራት አለበት። ለምሳሌ በቶዮታ የናፍጣ ሞተሮች የ3ኤልና የ5ኤል ምት እኩል 96 ሚሊ ሜትር ነው። የሲሊንደራቸው ስፋት ግን የ3ኤል 96፥ የ5ኤል 99.5 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፥ ይዘታቸው 2,779 እና 2,986 ሳንቲ ሜትር ኩብ ይሆናል። በኮሮላም እንዲሁ የ4ኤ ስፋት 81፥ የ5ኤ 78.7 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ ሱቁ «የሃይሉክስ ፒስተን» ወይም «የኮሮላ ቀለበት» ብሎ በመዝገቡ ቢጽፍ፥ ለአንዱ የመጣውን ለሌላው ሸጦ ከደንበኛው ጋራ ይጣላል።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ፒስተንን አስቀድሞ አለመግዛት ነው። ሲሊንደሩ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር መስፋት እንዳለበት የሚታወቀው በቶርኖ ቤት ከተለካ በኋላ ነው። ሳይለካ ከአዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ዕቃ አስጭኖ የሚያመጣ ሰው፥ የመላኪያውን ዋጋ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ዋጋም በደረሰኝ ብቻ አይመዘንም። ለምሳሌ ያህል፥ ከነእጅ ዋጋው 40,000 ብር ወጥቶበት 40,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሥራ በኪሎ ሜትር 1 ብር ያስወጣል። 72,000 ብር ወጥቶበት 120,000 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን 60 ሳንቲም ነው። ርካሽ የመሰለው ተወደደ ማለት ነው። ስለዚህ አስመጪው የዕቃውን ዕድሜ፥ ቸርቻሪውም የአምራቹን ምልክትና የሞተሩን መለያ በደረሰኙ ላይ ቢያሰፍሩ፥ ገዢው አስቦ መምረጥ ይችላል።

5ኛ፤ ከታደሰ በኋላ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የታደሰ ሞተር በመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ከባድ ጭነት አይጫንበት፤ በአንድ ዓይነት ፍጥነትም ለረጅም ሰዓት አይነዳ። የመጀመሪያው ዘይት ከብረቱ የተፋቀውን ስለሚሰበስብ፥ ከመደበኛው ጊዜ ቀድሞ ከነማጣሪያው ይለወጥ። በአቀበት ላይ ሞተሩ ከመጨነቁ በፊት ማርሽ መቀነስ፥ በቁልቁለትም በፍሬን ብቻ ሳይሆን በማርሽ ጭምር መያዝ የሞተርንም የሰውንም ዕድሜ ያረዝማል።

ከተረፈው ገንዘብ ደግሞ በቅድሚያ የሚገዛው ጎማና የፍሬን ሸራ ነው። ጉልበቱ ያነሰ መኪና ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል፤ ፍሬን የሌለው ግን ጭነቱንም ባለቤቱንም ይዞ ገደል ይገባል።