መሬቱን ሳንጠይቅ ቤት አንሥራ

ቤት ለመሥራት ስንነሣ ብዙ ነገር እንጠይቃለን። ቆርቆሮው ስንት ነው? እንጨቱ ከየት ይመጣል? ግንበኛው ጎበዝ ነው ወይ? በሩስ በየት በኩል ይሁን? ይህን ሁሉ እንጠያይቃለን። ዋናውን ነገር ግን እንረሳለን። ቤቱ የሚቆምበትን መሬት አንጠይቅም። መሬት ዝም ብሎ የተኛ ስለ ሆነ ሁሉም መሬት አንድ ይመስለናል።

መሬት ግን እንደ ሰው ጠባይ አለው። የአለት ጠባይ ሌላ ነው። የመረሬ አፈር ጠባይ ሌላ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። አሸዋም የራሱ ጠባይ አለው። በዚህ ትምህርት የአሸዋን ጠባይ እንማራለን። የምንማረውም በአንድ ከተማ ዳርቻ ከደረሰው ነገር ነው። አገሩ ሩቅ ነው፤ ትምህርቱ ግን ደጃችን ድረስ የሚመጣ ነው።

ረግረግ የነበረው ሰፈር

ኒው ዚላንድ በደቡብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኝ የደሴቶች አገር ናት። በዚያች አገር ክራይስትቸርች የሚባል ትልቅ ከተማ አለ። በ1843 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር የመጡ ሰፋሪዎች በመርከብ ደርሰው ከተማውን ቆረቆሩ። ሥፍራው በአብዛኛው ሜዳና ረግረግ ነበር። የአገሩ ጥንታዊ ነዋሪዎች ማኦሪዎች በዚያ ረግረግ ዓሣና ወፍ ያጠምዱበት ነበር። አቮን የሚባል ወንዝ በከተማው መካከል ተጠማዝዞ አልፎ ወደ ባሕሩ ይወርዳል።

ሰፋሪዎቹ ቦይ እየቆፈሩ ረግረጉን አጠፈፉት። መሬቱ ከላይ ደረቀ፤ ሣርም አበቀለ። ከተማው እያደገ ሲሄድ በምሥራቅ በኩል፣ በወንዙ ዳርና ወደ ባሕሩ አቅጣጫ፣ የመኖሪያ ሰፈሮች ተሠሩ። አቮንሳይድ፣ ዳሊንግተን፣ ቤክስሊ የሚባሉት ከእነዚህ ሰፈሮች ውስጥ ናቸው። መሬቱ ሜዳ ነው። ለመቆፈር አይቸግርም። መንገድ ለማውጣትም ይመቻል። ታዲያ ሰው ምን ይጠርጥር? ብዙ ቤተሰብ ከባንክ ተበድሮ ቤት ገዛ፤ አትክልት ተከለ፤ ልጅ አሳደገ።

ከሣሩ ሥር ያለው ግን አልተለወጠም። ወንዝና ባሕር ያመጡት ልቅ አሸዋና ደለል እንደ ነበረ ነው። ብዙ ቦታ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ያህል ሲቆፈር ውሃ ይገኛል። ረግረጉ ከዓይን ተሰወረ እንጂ አልጠፋም።

መሬቱ የተናገረበት ቀን

ነሐሴ 29 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት ለንጋት ሲቃረብ በከተማው አቅራቢያ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። በምሥራቅ ሰፈሮች ከመሬት ውስጥ ውሃና ግራጫ ጭቃ ወጣ። ሰው ጭቃውን ጠርጎ፣ ስንጥቁን ደፍኖ ኑሮውን ቀጠለ።

ስድስት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 15 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011)፣ በአገሩ ሰዓት ከቀኑ 7 ሰዓት ሊሆን 9 ደቂቃ ሲቀረው፣ መሬቱ እንደ ገና ተናወጠ። በዚህ ቀን 185 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ የሞቱት በከተማው መካከል ሕንፃ ወድቆባቸው ነው። በምሥራቅ ሰፈሮች የደረሰው ግን ሌላ ዓይነት ጉዳት ነበር። የእኛም ትምህርት እሱ ነው።

በእነዚያ ሰፈሮች አብዛኞቹ ቤቶች ከቀላል እንጨት የተሠሩ ስለ ነበሩ አልፈረሱም። የተጎዳው ሥራቸው ነው። ከመሬት ውስጥ ውሃና አሸዋ እየፈላ ወጣ። ጓሮው፣ መንገዱ፣ የቤቱ ወለል ሳይቀር በግራጫ ጭቃ ተሞላ። ቤቱ በአንድ በኩል ሰመጠ፣ በሌላ በኩል ቀረ። ወለሉ ለሁለት ተሰነጠቀ። በወንዙ ዳር ያለው መሬት ወደ ወንዙ ተንሸራተተና ቤቱን እንደ ጨርቅ ጎተተው። ከመሬት በታች የተቀበሩ የፍሳሽ ጉድጓዶች ደግሞ ወደ ላይ ተንሳፈው ከመንገዱ በላይ ብቅ አሉ። ቱቦው ተሰባበረ። ብዙ ቤተሰብ ለወራት መንገድ ዳር በተቀመጠ ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ተጠቀመ።

በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች አካፋና የእጅ ጋሪ ይዘው ወጡ። ከጎረቤት ጋር ሆነው ጭቃውን ዛቁ። ከከተማው የተነሣው አሸዋና ደለል በጠቅላላው ከ400,000 ቶን በላይ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር መሬቱ ሲናወጥ እዚያው ቦታ እንደ ገና ጭቃ ወጣ። «አንድ ጊዜ ከተናወጠ በኋላ ይረጋል፣ ይጠነክራል» ማለት እንደማይቻል ከዚህ እንረዳለን።

አሸዋ እንዴት ፈሳሽ ይሆናል?

ሴቶቻችን ገበያ ላይ እህል ሲሰፍሩ አይተናል። ቁናው ሞልቷል ሲባል ገዢዋ ነቅነቅ ታደርገዋለች። እህሉ ይረጋል፤ ቁናው ይጎድላል። ለምን? በፍሬና በፍሬ መካከል ባዶ ቦታ ስለ ነበረ ነው። ሲነቀነቅ ፍሬው ተጠጋግቶ ባዶውን ቦታ ይሞላዋል።

ልቅ አሸዋም እንዲሁ ነው። በቅንጣትና በቅንጣት መካከል ክፍት ቦታ አለ። አሸዋው ደረቅ ከሆነ በክፍቱ ቦታ ያለው አየር ነው። እርጥብ መሬት ከሆነ ግን ያ ቦታ በውሃ ተሞልቷል። መሬት ሲናወጥ ቅንጣቶቹ ሊጠጋጉ ይፈልጋሉ። ውሃው ግን ቶሎ መውጫ የለውም። ስለዚህ ይጨናነቃል፤ ቅንጣቶቹንም እየገፋ ያለያያቸዋል። ቤቱን ተሸክሞ የነበረው የቅንጣቶቹ መነካካት ነው። እነሱ ሲለያዩ ቤቱን የሚሸከም ነገር ይጠፋል። ጠንካራ መስሎ የነበረው መሬት ለጥቂት ጊዜ እንደ አጥሚት ይሆናል። ከባዱ ነገር ይሰምጣል፤ ውስጡ ባዶ የሆነው ነገር ይንሳፈፋል።

ይህን በቤታችን ልንሞክረው እንችላለን። ባልዲ እንውሰድ። እስከ ግማሹ ልቅ አሸዋ እንጨምርበት። ውሃ ቀስ ብለን እናፍስበት። ውሃው ከአሸዋው ፊት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቁም። በላዩ ግማሽ ሸክላ ጡብ ቀጥ አድርገን እናቁም። ጡቡ ጸንቶ ይቆማል። አሁን የባልዲውን ጎን በእንጨት ደጋግመን እንምታ። ጡቡ ያዘነብላል፤ ይሰምጣል። ውሃውም ወደ ላይ ይወጣል። በቤክስሊ የሆነው ይኸው ነው።

ከዚህ የምንረዳው አሸዋ ሁሉ ጠላት እንዳልሆነ ነው። የተጠቀጠቀና ደረቅ አሸዋ ቤት ሊሸከም ይችላል። አደጋ የሚመጣው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው። አንደኛ፣ አሸዋው ልቅ ሲሆን። ሁለተኛ፣ ውሃው ቅርብ ሲሆን። ሦስተኛ፣ መሬቱ ሲናወጥ። ሦስተኛውን መከልከል አንችልም። ሁለቱን ግን አስቀድመን ማወቅ እንችላለን።

የቤት ጥንካሬ ብቻውን አያድንም። በጃፓን አገር፣ በኒጋታ ከተማ፣ ሰኔ 9 ቀን 1956 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ ነበር። በወንዝ ዳር፣ በአሸዋ መሬት ላይ የተሠሩ ባለ ብዙ ፎቅ የአርማታ መኖሪያ ሕንፃዎች አዘነበሉ። አንደኛው በጎኑ ሊተኛ ምንም አልቀረውም። የሚያስገርመው ሕንፃዎቹ አልተሰባበሩም። ግንበኛው ሥራውን በደንብ ሠርቷል። የከዳው መሬቱ ነው።

ቤቱ ከተሠራ በኋላ ማን ይክፈል?

ሰኔ 2003 ዓ.ም. የኒው ዚላንድ መንግሥት አንዳንድ ሰፈሮችን «ቀይ ቀጠና» ብሎ ሰየማቸው። መሬቱን በየቤቱ ማጠንከር ከባድና ውድ ስለ ሆነ ሰው እንዲለቅ ተወሰነ። በከተማውና በአካባቢው ወደ 8,000 የሚጠጋ ቤትና ቦታ በቀይ ቀጠና ውስጥ ገባ። ኢንሹራንስ ለነበራቸው መንግሥት ከአደጋው በፊት በተገመተው ዋጋ ልግዛችሁ አላቸው። ኢንሹራንስ ላልነበራቸው ግን መጀመሪያ የቀረበላቸው ከመሬቱ ግምት ግማሹ ብቻ ነበር። እነሱም ተሰባስበው ከሰሱ። በ2007 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔው በሕግ አግባብ እንዳልተሰጠ ፈረደላቸው።

ገንዘብ የተከፈለውም ቢሆን ሁሉን አላገኘም። ጎረቤት ተበተነ። ልጆች ትምህርት ቤት ቀየሩ። ያረጁ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበትን ሰፈር ትተው ወጡ። ቤቶቹ ፈረሱ። ዛሬ ሥፍራው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። የቤት አጥር የለም፤ የቤት ምልክት ግን አለ። ሰዎቹ በጓሯቸው የተከሏቸው የፍሬ ዛፎች እዚያው ቆመው ያፈራሉ። የአላፊ አግዳሚው ሲሳይ ሆነዋል።

ነገሩ ፈጽሞ ያልታወቀ አልነበረም። የትኛው ሰፈር ልቅ አሸዋ ላይ እንዳለ የሚያሳይ ጥናትና ካርታ ከአደጋው ዓመታት በፊት ተሠርቶ ነበር። እውቀቱ ግን ብዙዎቹ ቤቶች ከተሠሩ በኋላ መጣ። ከመጣም በኋላ በካርታ ላይ ያለ እውቀት ቤት ገዢው ጆሮ ካልደረሰ ምን ዋጋ አለው? «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የምንለው ለዚህ ነው።

ለእኛስ?

አገራችንን ስምጥ ሸለቆ ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬና በማጀቴ የሆነው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ቤት አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው መሬቱ ደጋግሞ ሲናወጥ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል። እነዚህ ጉዳቶች በአሸዋ ምክንያት ደረሱ አንልም። ሦስተኛው ነገር፣ ማለት የመሬት መናወጥ፣ በአገራችን እንዳለ ግን ያሳዩናል። ከተሞቻችን በሐይቅና በወንዝ ዳር እየሰፉ ነው። ስለዚህ ከመሥራታችን ወይም ከመግዛታችን በፊት የሚከተለውን እናድርግ።

1. የሥፍራውን ስም እንጠይቅ። «ጨፌ»፣ «ረግረግ»፣ «ባሕር ዳር» ተብሎ የሚጠራ ቦታ ታሪኩን በስሙ ይናገራል።

2. ሽማግሌዎችን እንጠይቅ። ወንዙ ድሮ በየት በኩል ይወርድ ነበር? ክረምት ውሃ የሚተኛው የት ነው? በአፈር የተሞላ ጉድጓድ ወይም ገደል አለ ወይ?

3. ጉድጓድ አስቆፍረን እንይ። ከላይ ያለው አፈር አያታልለን። አሸዋው በእጅ ሲነካ የሚናድ ከሆነና ውሃው ቅርብ ከሆነ እንጠንቀቅ። የጉድጓድ ግድግዳ ስለሚናድ ሰው በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ብቻውን አይግባ።

4. ሰፈር በሙሉ ሲሠራ ወይም ፎቅ ሲታሰብ የአፈር ምርመራ ይደረግ። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ውጤቱንም ቤት የሚገዛው ሰው እንዲያየው እንጠይቅ።

5. ከወንዝ አፋፍ እንራቅ። መሬት ሲናወጥ አፋፉ ወደ ወንዙ ይሄዳል።

6. ሌላ ቦታ ከሌለ ባለሙያ መፍትሔ ይፈልግ። ልቅ አሸዋ በማሽን ይጠቀጠቃል። ወይም ከአሸዋው በታች ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ድረስ ረጅም ምሰሶ ይወርዳል። ወይም ውሃው መውጫ እንዲያገኝ ጠጠር የተሞላ ጉድጓድ ይሠራል። ይህ ሁሉ ቤቱ ከመቆሙ በፊት ሲሆን ይቀላል፤ ከቆመ በኋላ ግን እጅግ ይከብዳል።

ቤት የብዙ ዓመት ድካም ውጤት ነው። አንድ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ የሚሠራው ነገር አይደለም። ስለዚህ ለቆርቆሮና ለበር ከምናስበው ሐሳብ ጥቂቱን ለመሬቱ እናድርግለት። መሬት ሲጠይቁት ይመልሳል። ካልጠየቁት ግን የሚናገረው ቤቱ ከቆመ በኋላ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በክራይስትቸርች ምሥራቅ ሰፈሮች ቤቶቹ ሳይፈርሱ ለምን ሰው ሊኖርባቸው አልቻለም?
2. ለአደጋው መገናኘት ያለባቸው ሦስት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?
3. የቁናውን እህልና የባልዲውን አሸዋ አነጻጽሩ። ልዩነታቸው ምንድን ነው?
4. በቀበሌያችን ድሮ ረግረግ የነበረ፣ ዛሬ ቤት የተሠራበት ቦታ አለ ወይ? ሽማግሌዎችን ጠይቀን በደብተራችን እንጻፍ።